ገመዱና ገደሉ፦ የፍርሃትና የግርማ አጭር ፊልም እንዴት ይታቀዳል?

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው በደብረ ወርቅ፣ በቢቸናና በሞጣ ትምህርት ቤቶች በሚኒ ሚዲያና በፊልም ክበብ ለምትሳተፉ ተማሪዎች ነው። የምታቅዱት ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ የሚወስድ ፊልም ነው። መሣሪያችሁ ስልክ ነው፤ ጉዳያችሁ ደግሞ ፍርሃትና ግርማ።

ድንጋጤ ሌላ፣ ግርማ ሌላ

ስለ ፍርሃት ፊልም ሥሩ ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ይታወቃል፦ ሌሊት፣ ጅብ፣ ነጭ ነጠላ የተከናነበ ሰው፣ ድንገት የሚያምባርቅ ሙዚቃ። ይህ ማስደንገጥ ነው። የደነገጠ ተመልካች ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ ወዲያው ግን ስቆ ይቀመጣል፣ ከፊልሙም ይዞት የሚወጣው ነገር የለም።

ግርማ እንዲህ አይደለም። በነሐሴ ዓባይ ደፍርሶና ሞልቶ ሲወርድ ከአፋፍ ቆሞ ያየ ሰው ይፈራል፤ ነገር ግን ፊቱን ማዞር አይሆንለትም። እግሩ ወደ ኋላ ይላል፣ ዓይኑ ወደ ፊት ይሄዳል። ፊልማችሁ መያዝ ያለበት ይህን የእግርና የዓይን አለመስማማት ነው።

ነገሩን በፍልስፍና ካብራሩት አንዱ አየርላንዳዊው ኤድመንድ በርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው መጽሐፍ አደጋ በጣም ሲቀርብ አስፈሪ ብቻ እንደሚሆን፣ ጥቂት ራቅ ሲል ግን አንዳች ደስታ ያዘለ መደመም እንደሚፈጥር አስረዳ። ጀርመናዊው ካንት በ1790 ሐሳቡን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው፦ ሰው ከማዕበልና ከተራራ ፊት ኢምንትነቱን ባየ ጊዜ፣ በውስጡ በማዕበልም በተራራም የማይለካ ነገር እንዳለ ይሰማዋል። ለእናንተ ሥራ ከሁለቱ የሚበልጠው በርክ ነው፤ ምክንያቱም ርቀት፣ ጭለማ፣ ስፋት፣ የድምፅ መብዛትና ድንገት መቋረጥ እያለ ዘርዝሮ ስለጻፈ፣ ገና ሲኒማ ሳይፈጠር የካሜራ ሠራተኛ መመሪያ የጻፈ ይመስላል።

ታሪኩ እዚሁ አለ፦ ሰባራ ድልድይ

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ፣ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረ የድንጋይ ድልድይ አለ። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት አንዱን ቅስት አፈረሱት፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ጠላት ወጣ፣ ነጻነት ተመለሰ፣ ድልድዩ ግን ለአሥርት ዓመታት እንደተሰበረ ነበር። ገበያተኛው፣ ዘመድ ጠያቂው፣ ሕመምተኛው በገመድ ይሻገር ጀመር። ተሻጋሪው ሰውነቱን በገመድ ይታሰር ነበር፤ በወዲህና በወዲያ የቆሙ ሰዎች ገመዱን ይዘው ከውኃው በላይ በአየር ላይ ይስቡት ነበር።

የዚህ አሻጋገር ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶውን አይቶ ተነሣ፤ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ ክፍተቱን እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት አስገጠመው። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

እኔ ለፊልም የምመርጠው ድልድዩ የተጠገነበትን ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረውን፣ አንድ ሰው በአየር ላይ ያለበትን ያን አጭር ጊዜ ነው። በርበሬ ወይም ጨው የያዘ ጎልማሳ ሊሻገር ነው። ከወዲያ ማዶ ገመዱን የጨበጠው ሰው አያውቀውም፤ አገሩ ሌላ፣ ስሙን አልጠየቀውም። ከሥር ገደል አለ፣ ከላይ ሰማይ። ነፍሱ ያለችው ግን በገደሉም በሰማዩም ሳይሆን በዚያ በማያውቀው ሰው መዳፍ ነው። ፍርሃቱም ግርማውም እዚህ ቦታ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችሁ እያለ የውጭ ፊልም አስፈሪ ቤት የምትፈልጉበት ምክንያት አይታየኝም።

ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት የተሻገረ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። በሞጣና በዙሪያዋ ያሉ አረጋውያንን አነጋግሩ። ስትጠይቁ «ምን ተሰማዎት?» አትበሉ፤ «ፈራሁ» ይሏችኋል፣ ጨዋታውም በዚያ ያበቃል። «አባቴ፣ ያን ጊዜ ዓይንዎ ወዴት ነበር? እጅዎ ምን ይዞ ነበር? ከወዲያ ማዶ ያሉት ምን ይሉዎት ነበር? እግርዎ መሬት ሲረግጥ መጀመሪያ ምን አደረጉ?» በሉ። መልሱ ራሱ ሾት ሆኖ ይመጣላችኋል።

ለምን የትናንቱን እንመርጣለን?

እናንተ ፍርሃትን ከመጽሐፍ የምትማሩ ልጆች አይደላችሁም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ መንገድ ሲቆረጥ፣ ቤተሰብ ጆሮውን ወደ ውጭ ጥሎ ሲያድር አይታችኋል። ይህን ፍርሃት ትኩስ እንዳለ ለክበብ ሥራ ቅረጹት አልልም። አንደኛ፣ እናንተንም የቀረጻችሁትንም ሰው አደጋ ላይ ይጥላል። ሁለተኛ፣ በርክ ያለው ርቀት ገና አልተገኘም፤ ቁስል ሳይደርቅ የሚሠራ ፊልም ተመልካቹን እንደገና ያቆስለዋል እንጂ አያስደምመውም። የሰባራ ድልድይ ታሪክ ግን ራቅ ብሏል። በእሱ ውስጥ ሆናችሁ ስለ ዛሬው ፍርሃታችሁ ብዙ ልትናገሩ ትችላላችሁ፤ ያወቀ ያውቀዋል።

መጋረጃው

የቤተ ክርስቲያናችን አሠራር ስለ ግርማ የሚያስተምረውን ልብ በሉ። ደብረ ወርቅ ማርያምን የተሳለመ ሰው ያውቀዋል፦ ቅኔ ማኅሌት አለ፣ ቅድስት አለ፣ ከዚያ መቅደሱ በመጋረጃ ይጋረዳል። ምእመኑ ዜማውን ይሰማል፣ ዕጣኑ ይሸተዋል፣ ታቦቱን ግን አያየውም። የማይታየው ነገር ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል። ካሜራችሁም እንዲሁ መጋረጃ ይኑረው።

ስለዚህ ገደሉን በመጀመሪያው ሾት አታሳዩ። አዲስ ፊልም ሠሪ ያለውን ትልቅ ነገር መጀመሪያ ላይ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሁሉ ያንስበታል። አራት ደቂቃ ሙሉ ተመልካቹ ውኃውን ይስማ፣ የሰዎቹን ፊት ይይ፣ ድንጋይ ሲወድቅ ቆጥሮ የሚያርፍበትን ይጠብቅ። ገደሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይታይ፤ ሲታይም ቶሎ አትቁረጡት። ሃያ ሰከንድ፣ ሃያ አምስት ሰከንድ ይቆይ። ሰው በሾቱ ውስጥ ካለ ጉንዳን አክሎ ይታይ። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፈልጋችሁ እዩ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ገበሬው በሰፊው መሬት ላይ ትንሽ ሆኖ ሲሄድ ካሜራው እንዴት እንደሚታገሥ ተመልከቱ።

ማንንም ሳይሰቅሉ መስቀል

ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፦ ተዋናያችሁ ወደ ገደል ጠርዝ አይጠጋም። በገመድ በውኃ ላይ መንጠልጠል ጭራሽ አይታሰብም። ተዋናዩ ያለበት ሾት ሁሉ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይሠራል።

ጠንካራ የቃጫ ገመድ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ወጥሩ። ከመካከሉ ሌላ ገመድ አውርዳችሁ በተዋናዩ ደረት ዙሪያ፣ በብብቱ ሥር አዙራችሁ እሰሩ። ተዋናዩ የሚቆመው በጉልበት ቁመት ባለ ሳጥን ላይ ነው፤ ክብደቱ ሁልጊዜ በእግሩ ላይ ይሁን እንጂ በገመዱ ላይ አይሁን። ስልኩን መሬት ላይ አስተኝታችሁ ወደ ላይ አዙሩት። ቅጠል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የመብራት ሽቦ ከታየ ቦታ ቀይሩ፤ ከተዋናዩ ጀርባ ሰማይ ብቻ መቅረት አለበት። አሁን ሳጥኑ ከሾቱ ውጭ ነው፤ ሰውየው በአየር ላይ ነው።

ከዚያ ቅርብ ሾቶቹን ውሰዱ። ቋጠሮውን የሚያጠብቅ አውራ ጣት። ከድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ የሚነሣ ተረከዝ፣ በመጨረሻ ጣቶቹ ብቻ ሲቀሩ። ገመዱ ሲወጠር ከቃጫው የሚበተነው ብናኝ፤ ይህን ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ብትቀርጹት በደንብ ይታያል። የሳቢዎቹ እግር አፈሩን ሲቆፍር። በመጨረሻም የማያውቀው ሰው መዳፍ፣ በገመድ ተልጦ። እውነተኛውን ሸለቆ ግን በሌላ ቀን፣ ከአስተማማኝ ቦታ፣ ከመምህር ጋር ሆናችሁ ትቀርጻላችሁ። የቀረውን ኤዲቲንግ ያገጣጥመዋል።

ብርሃን

በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይጨልማል። ድንግዝግዙን ለመያዝ ከፈለጋችሁ ልምምዱ አስቀድሞ ያልቅ፣ ስልኩ በትራይፖድ ላይ ይጠብቅ። የስልኩን ብርሃንና ፎከስ ቆልፉት፤ ካልቆለፋችሁት ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ እየነጣና እየጠቆረ ያስቸግራችኋል። ደመናማ ቀን አትጥሉ። ጥላ የሌለበት ደብዛዛ ብርሃን ለዚህ ፊልም ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል፤ የግቢውን ሾትና የሸለቆውን ሾት አንድ ለማስመሰልም ይረዳል።

ድምፅ

ከሥራው ግማሹ ይህ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚረሳው ይህ ነው። በምስል አንድ ሜትር ያልሞላ ከፍታ ላይ ያለውን ሰው፣ በጥልቅ ገደል ላይ የሚያንጠለጥለው የውኃው ድምፅ ነው። በሁለተኛ ስልክ የወንዝ ድምፅ ለብቻው ቅዱ፦ ከቅርብ፣ ከሩቅ፣ ከድንጋይ ጀርባ። ነፋስ ማይክሮፎኑን እንዳይመታው በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። የገመዱን ሲጥታ ለብቻው ቅዱ፤ የተዋናዩን ትንፋሽ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቅዱ።

ተሻጋሪው መሐል ሲደርስ የውኃውን ድምፅ በአንድ ጊዜ ቁረጡት። ሦስት ሰከንድ ያህል ትንፋሹ ብቻ ይሰማ። ከዚያ ገደሉ ይታይ፣ ውኃውም በሙሉ ኃይሉ ይመለስ። ሙዚቃ አትጨምሩ። ክራርም ዋሽንትም ቢሆን፣ ያችን ሰዓት ለተመልካቹ ይተረጉሙበታል፤ እሱ ግን ራሱ መድረስ አለበት።

ፈቃድ

ከትምህርት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፤ ወረዳውም ቀበሌውም ሳያውቅ ከግቢ ውጭ ካሜራ አታውጡ። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ አይቀረጽም። ያነጋገራችኋቸው አረጋውያን ድምፃቸው ወይም ታሪካቸው ፊልሙ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ሲያልቅም ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ አሳዩአቸው። ድሮን ከየትም አትዋሱ። የድሮን ድምፅ ዛሬ ለክልላችን ሰው ምን እንደሚያስታውስ ታውቃላችሁ። ሌሊት አትውጡ፤ ፊልሙ በቀን የሚሆን ነው።

ወረቀቱ

አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ስለሚሆን ከስድስት ገጽ አትለፉ። ንግግር ይነስ፤ ገመዱ ላይ ያለ ሰው አይጫወትም። የሾት ዝርዝራችሁ ላይ በእያንዳንዱ ሾት ፊት ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ምን ይታያል፣ ምን ይሰማል፣ ምን ተደብቋል። ሦስተኛው ባዶ የሆነበትን ሾት ለክበባችሁ አቅርቡና ለምን እንደሚያስፈልግ ተሟገቱበት። ማስረዳት ካልቻላችሁ ሰርዙት። የግቢው ቀረጻ በሁለት ቅዳሜዎች ያልቃል፤ ሸለቆው አንድ ቀን ይበቃዋል፣ የወንዙም ድምፅ በዚያው ቀን ይቀዳል።