ተጠላፊዋን አንተው ተጫወታት

ወንድሜ፣ የተሰጠህን ገጸ ባሕርይ እንዳትመልስ። የድራማ ክበባችሁ «ጠልፎ በኪሴ»ን ሊያሳይ ነው፤ ተጠላፊዋን የሚጫወት ጠፍቶ መምህሩ አንተን መረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ዶርም ውስጥ «ሙሽሪት» እያሉ ይጠሩሃል። ነገሩ ይኸው ነው። «እትዬ፣ ሩጫዬን ያስተጓጉልብኛል» ያልከው ሰበብ መሆኑን እኔም አንተም እናውቃለን። የትያትሩ ልምምድ ማታ ነው፣ ሩጫህ ንጋት ላይ ነው፤ ምን ያጋጫቸዋል?

ወንዶች ብቻ በሚያድሩበት ትምህርት ቤት ሴቷን የሚጫወተው ወንድ ነው፤ ሌላ ከየት ይመጣል? የአገራችን ትያትርም የጀመረው እንዲሁ ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ድርሰቶቹን ለመድረክ ያበቃው ተማሪዎችን ይዞ ነው። በዚያ ዘመን ሴት መድረክ ላይ አትወጣም፤ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ ማንም ከወንድነቱ አልጎደለም። እነ አስናቀች ወርቁ ብቅ ያሉት ከወረራው በኋላ ነው፤ ያውም ሴት ልጅ መድረክ መውጣቷ እንደ ነውር እየተቆጠረ። አንተ ላይ የሚደርሰው የጓደኛ ቀልድ ነው። እነሱ ላይ የደረሰው ከዚህ ሌላ ነበር።

ደግሞ የት ሆነህ ነው የምታፍረው? ኮተቤ! ከናንተ ግቢ ብዙም በማይርቀው ሰፈር፣ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች እዚያው እያደሩ ይማሩበት ነበር። መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝ አገር ከመሄዱ በፊት የተማረው እዚያ ነው። የአለቃ ለማ ልጅ፣ የቅኔ ቤት ሽታ ያልለቀቀው ልጅ፣ ኋላ ተመልሶ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ጻፈልን። እጅህ ላይ ያለውን ጽሑፍ የጻፈው እንግዲህ የሰፈርህ ተማሪ ነው። አንተ ዛሬ የምታየውን ጋራ እያየ ነው የተማረው።

አሁን ሌላው ሁሉ ቢረሳህ ይህን ስማኝ። ጠለፋ እናንተን ያስቃችኋል፤ ድርሰቱም ኮሜዲ ስለሆነ መሳቃችሁ ደግ ነው። ግን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። ልጅቷ እያለቀሰች ሽማግሌ ይላካል፣ ከብት ይነዳል፣ ጋብቻ ይባላል፣ ነገሩ ይዘጋል። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ አሁን ቢያገባትም ከመከሰስ አይድንም። አንተ ስትወለድ ሕጉ ተለውጦ ነበር፤ እኔ ግን አሮጌው ሕግ ባለበት ነው የተወለድኩት። አክስቶቻችን የሚያወሩትን በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሰው ለማሳቅ ብለህ ተጠላፊዋን እንድታጃጅልብኝ አልፈልግም። አዳራሽ ሙሉ ወንድ ልጅ ሲስቅ ቆይቶ፣ አንተ አንዴ ቀና ብለህ ስታያቸው ሳቁ የሚቆምበት ቦታ ይኑር። ያን ማድረግ የምትችለው አንተ ነህ፤ ጠላፊውን የሚጫወተው ልጅ አይችልም።

ድምፅህን አታቅጥን። ሴት ሁሉ በቀጭን ድምፅ አታወራም፤ እናታችንን አስባት። ዳሌም አትወዝውዝ። ይልቅ በምትሮጥበት መንገድ ላይ ዓይንህን ክፈት። ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት ጠዋት ጠዋት እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። አጎንብሰው ስለሚሄዱ ከኋላ ሲታዩ ሸክሙ ይሸፍናቸዋል፤ ገመዱ ደረታቸው ላይ ነው፤ በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ተረከዛቸው ኮረቱን ቀድሞ ሳይሞክር ሙሉ እግራቸውን አያሳርፉም። ሰው ሲያልፍ ቀና አይሉም፣ ዓይናቸው ብቻ ከሥር ወደ ላይ ይዞራል። ያችን አስተያየት ያዛት። አካሄዳቸውን ቅዳ እያልኩህ አይደለም፤ ጉልበት ያላት ሴት ምን እንደምትመስል እይ ነው የምልህ። ስትወርድም በፉጨት «ዞር በሉ» እንዳትላቸው፤ ዳር ይዘህ ቆመህ አሳልፋቸው። ሰዓትህ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቢጨመርበት ምንም አትሆንም።

ሩጫውንም እንዳትተው። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ እንጦጦ ጫፍ ስትወጣ ከ3,000 ሜትር ታልፋለህ። አየሩ ስስ ስለሆነ ደምህ ኦክስጅን የሚሸከምበትን አቅም እየጨመረ ይሄዳል፤ ታላላቆቹ እዚያ የሚወጡት ለዚህ ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ስትተኛ ነው። ሌሊት በባትሪ ብርድ ልብስ ውስጥ ስታወራ አድረህ አቀበት ብትወጣ ራስህን መጉዳት ብቻ ነው። አብዛኛውን ቀን ሶምሶማ ይበቃሃል፤ እያወራህ መሮጥ ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ ቀንስ። ቃለ ተውኔትህንም እዚያው እየሮጥህ ለራስህ በለው። ትንፋሽህ ሳይቆረጥ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከጨረስክ መድረክ ላይ የኋላ ወንበር ድረስ ትሰማለህ። ሳይነጋ ብቻህን አትውጣ፤ እንጦጦ ጅብ አለበት፣ ከጓደኞችህ ጋር ሁን። ላብህ ሳይደርቅ ቱታህን ደርብ። ሻይህን ከምሳ ጋር አትጠጣ፤ ከምስሩና ከጤፉ የምታገኘውን ብረት ያስቀርብሃል፤ ቆየት ብለህ ጠጣው። የላክሁልህን በሶ ደግሞ ለዶርሙ ሁሉ በአንድ ማታ አታድለው፤ ደግነትህን አውቃለሁ፣ ግን እስከ ወር መጨረሻ ይበቃህ።

«ሯጭ ሯጭ ብቻ ነው» ያለህ ልጅ አበበ ቢቂላን አያውቀውም። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት ላይ ሮም ውስጥ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ይህን ሁሉም ያውቃል። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት በኋላ ግን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወር ተለማመደ፤ በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ላይ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። ማራቶንን ሁለት ጊዜ በኦሊምፒክ ያሸነፈ ሰው አዲስ ነገር ከሀ ብሎ ለመጀመር አላፈረም። አንተ በአሥራ ስድስት ዓመትህ ምን ያሳፍርሃል?

«ሙሽሪት» ሲሉህ አትቆጣ፣ አትማታ። «አቤት፣ ጥሎሹስ የት አለ?» በላቸውና ወደ ጥናትህ ሂድ። ቀልዱ የሚደምቀው ስትናደድ ብቻ ነው። አንድ ታናሽ ልጅ ላይ ግን ያንኑ ስም ሲያወጡ ካየህ ዝም አትበል፤ እዚያ ላይ ድምፅህ ይሰማ። አዳሪ ቤት እናት የለችም፤ ማታ መብራት ሲጠፋ የሚያለቅሰውን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የሚሰማው በላይኛው አልጋ የተኛው ነው።

በል፣ ነገ ጠዋት ከሩጫ መልስ መምህሩን አግኝና «እጫወታለሁ» በለው። ለቀሚሱ አትጨነቅ፤ የኔን የሐበሻ ቀሚስ አሳጥሬ፣ ወገቡን አስፍቼ እልክልሃለሁ። ትያትሩ የሚታይበትን ቀን ቀደም ብለህ ንገረኝ፤ እናታችንን ይዤ እመጣለሁ፣ ከፊት ወንበር ያዝልን።