ከመርሳ እስከ ሐይቅ በሳይክል፦ ከስድስት ሳምንት በኋላ የመጣው ትኩሳት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ዶክተር፣ ወደ ወሎ ልንሄድ ነው፣ ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ችግር አለው?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። "ባትገቡ ይሻላል" ብዬ ብቻ ባልፍ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ፤ እኛም አልሰማንም ነበር። ስለዚህ የሆነውን ልንገራችሁ።

የሕክምና ተማሪ እያለሁ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ የአክስቴ ልጅ ጋር ከመርሳ ተነስተን በሳይክል ሐይቅ ከተማ ለመድረስ ተነሳን። መንገዱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አካባቢውን ለማታውቁ፣ መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ በፍራፍሬዋ የምትታወቅ ሞቃታማ ከተማ ናት። ወደ ደቡብ ስትነዱ ውርጌሳን ታልፋላችሁ፣ ከዚያ መንገዱ በተራሮች መሃል እየተጠማዘዘ ወደ ውጫሌ ይዘልቃል (አዎ፣ የ1881ዱ ውል ስሙን ያገኘባት ውጫሌ)። ከውጫሌ ቀጥሎ ሐይቅ ነው። እይታው በቃላት አይገለጽም። ሽቅቡም እንዲሁ።

ልንነሳ ያሰብነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነበር። ቁርስ ሲባል፣ ካላማደሪያ ሲለጠፍ፣ 3 ሰዓት ሆነ። የመጀመሪያ ስህተታችን ይሄ ነው። ሽቅቡ ላይ የደረስነው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው። የአክስቴ ልጅ የያዘው ውሃ ግማሽ ሊትር ብቻ ነበር። ራሱን አመመው፣ አቅለሸለሸው፣ በዚያ ሙቀት ቆዳው እንደ ብርድ ሽፍ አለ። ይህ የሙቀት ድካም ነው። ጥላ ስር አስቀመጥኩት፣ ሸሚዙን አስወልቄ ውሃ አፈሰስኩበት፣ አራገብኩለት፣ ቀስ በቀስ አጠጣሁት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀልዱ ተመለሰ። ባይመለስስ? ሰውየው ከተወላገደበት፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ነገሩ ድካም መሆኑ አብቅቷል፤ አንጎል እየተጎዳ ነው። ያኔ በአፉ ምንም ሳትሰጡ ሰውነቱን በውሃ እያረሰረሳችሁና እያራገባችሁ ማቀዝቀዝ ጀምሩ፣ መኪናም ፈልጉ። መኪና እስኪመጣ ማቀዝቀዙን አትተዉት። ለረጅም ጉዞ ደግሞ ንጹህ ውሃ ብቻ አይበቃም፣ ጨውም በላብ ይወጣል። ኦ.አር.ኤስ. ያዙ። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ።

እሺ፣ ሐይቅ ደረስን። 8 ሰዓት ገደማ ነው። ላባችን ጨው ሆኖ ደርቋል፣ ከፊታችን ሎጎ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ። ዳር ላይ ልጆች ይዋኛሉ። የአክስቴ ልጅ ሳይክሉን ጥሎ ዘሎ ገባ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። እኔ ዋና ስለማልችል ዳር ሆኜ ሳቅኩበት። ያዳነኝ ትምህርቴ አይደለም፣ ዋና አለመቻሌ ነው።

ማታ እግሩን አሳከከው። "ሳሩ ነው" አልን። ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ፣ ማታ ማታ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የሆድ ቁርጠትና የቆዳ ሽፍታ ጀመረው። አንድ ክሊኒክ "ታይፎይድ" ብሎ መድኃኒት ሰጠው፤ አልተሻለውም። ሌላው የወባ ምርመራ አደረገለት፤ ነጻ ነው ተባለ። ደውሎ ሲነግረኝ እኔም "ጉንፋን ይሆናል፣ ፈሳሽ ውሰድ" አልኩት። ይሄን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል፤ ውሃው ዳር ቆሜ ያየሁት እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም የደም ምርመራውን አይቶ አንዲት ጥያቄ ጠየቀው፦ "ባለፉት ሁለት ወራት ወንዝ ወይም ሐይቅ ገብተህ ነበር?"

ብልሃርዝያ ነው። በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የአንጀት ብልሃርዝያን አግኝተዋል፤ ችግሩ በሌሎች የአገራችን ሐይቆችና የመስኖ ቦዮችም አለ። የትሉ እንቁላል በሰው ሰገራ ወደ ውሃ ይገባል፣ እዚያ ተፈልፍሎ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ይወጣል። እጩ በደቂቃዎች ውስጥ ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ ውሃውንም መጠጣት የለባችሁም። በብዛት የሚወጣው ደግሞ ፀሐይ በበረታችበት በእኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ሳይክለኛ ደክሞት የሚደርስበት ሰዓት።

"የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ምንም አይሆኑም" የምትሉ አላችሁ። ይሆናሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለለመዱት ያ ድንገተኛ ትኩሳት ብዙም አይታይባቸውም እንጂ፣ ሳይታከሙ ለዓመታት ከቆዩ ጉበታቸው ይጎዳል፣ ሆዳቸው ውሃ ይቋጥራል፣ ደም እስከ ማስታወክ ይደርሳል። ከተማ ያደገ ሰው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዝ ሰውነቱ በኃይል ይቆጣል፤ ትኩሳቱ ከዚያ ነው።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ ርካሽና ጥሩ ነው። ችግሩ የሚገድለው ያደጉትን ትሎች ነው፣ ጨቅላዎቹን እምብዛም አይነካም። ስለዚህ "ዛሬ ዋኝቼ ነገ ልዋጠው" አይሠራም። የአክስቴ ልጅም የመጀመሪያው የሰገራ ምርመራው ምንም አላሳየም፣ እንቁላሉ የታየው ቆይቶ ነው። መድኃኒቱንም ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ወሰደ። አሁን ደህና ነው፣ ሳይክሉን ግን ሸጦታል።

ጀልባ ላይ መውጣት፣ በደንብ የበሰለ ዓሣ መብላት፣ ዳር ተቀምጦ ማየት ምንም አይደለም። መታጠብ ከፈለጋችሁ ከቧንቧ ታጠቡ፤ ካልተገኘ ከሐይቁ የተቀዳ ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ወይም ተከድኖ ሁለት ቀን የቆየ ይሁን። ሳታውቁ ከገባችሁ በፎጣ ቶሎ መድረቅ ትንሽ ሊረዳ ይችላል፣ ግን አትተማመኑበት። በዚህ ዓመትም ሆነ ከአምስት ዓመት በፊት የዋኛችሁ፣ ምንም ባይሰማችሁም፣ ሰገራችሁን አስመርምሩ። አንድ ቀን ብቻ ነጻ ከተባለ ሌላ ቀን ድገሙት። ትኩሳት ይዟችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም "ሐይቅ ውስጥ ገብቼ ነበር" በሉት።