ባሕር የሚቆርሰው መንደር

በናይጄሪያ፣ በኦንዶ ግዛት፣ ኢላጄ የሚባል የባሕር ጠረፍ ወረዳ አለ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1947 ዓሣ አጥማጆች አዬቶሮን ቆረቆሩ። ስሙ «ዓለም ረጋ» ማለት ነው። ቦታው ረግረግ ስለሆነ ቤታቸውን በእንጨት ምሰሶ ላይ ሠሩ። ገቢያቸው ወደ አንድ ካዝና ይገባ ነበር፤ በዚህ ዓይነት ትምህርት ቤትና መብራት አገኙ።

የጋራ ኑሮው ከጊዜ በኋላ ቀረ። ባሕሩም ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ መቃብሩን ሳይቀር ወሰደ። ሰዉ ወደ ኋላ ሲሸሽ ባሕሩ ይከተለዋል።

ምሰሶ ለመትከል የመንደር ጉልበት በቃ። ማዕበል የሚመልስ ግንብ ግን መሐንዲስና የመንግሥት በጀት ይፈልጋል፤ በጊዜው ባለመሠራቱ መንደሩ አነሰ።

እስቲ እንወያይ፦ ከሰፈራችን ሥራ የትኛውን በደቦ እንጨርሳለን? የትኛውንስ ፊደል ከቆጠርን ዘንድ ለወረዳው ጽፈን እንጠይቃለን?