የትርፍ ጊዜ ፕሮግራምና የአዕዋፍ መዝገብ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪ የቀን ሥራው ለቀጣሪው ነው። ምን እንደሚሠራ የሚወስንለት፣ ጊዜውን የሚለካለት፣ ውጤቱንም የሚረከበው ቀጣሪው ነው። በትርፍ ጊዜው የሚሠራውን ግን ራሱ ይመርጣል። ጥያቄው፣ ይህ ሥራ የግል መዝናኛ ሆኖ ይቀራል ወይስ ለብዙኃን የሚጠቅም እውቀት ሊሆን ይችላል? የሚል ነው። ከአንድ ተጨባጭ ምሳሌ እንነሣ።

1. አጀማመሩ

እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሦስት ተማሪዎች፣ ኔት አግሪን፣ ጄሲካ ክላይንና ኬን-ኢቺ ኡዌዳ፣ ለማስተርስ ዲግሪያቸው ማሟያ አይናቹራሊስት የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። ዓላማው ማንም ሰው ያየውን እንስሳ ወይም ዕፅዋት እንዲመዘግብ ነበር። ያዘዛቸው ኩባንያ አልነበረም። ከምረቃ በኋላም ሥራው ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ።

2. አሠራሩ

ተመልካቹ ፎቶግራፍ ወይም ድምፅ፣ ቀንና ቦታ ያስገባል። ሌሎች የዝርያውን ስም ይጠቁማሉ። ከጠቋሚዎቹ ከሦስት ሁለት እጅ የሚበልጡት ሲስማሙ መዝገቡ ለምርምር ብቁ ይባላል። ሕክምና ለምናጠና ይህ እንግዳ አይደለም። ቀንና ቦታ የሌለው ምልከታ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ያልተጻፈበት የሕመምተኛ ካርድ ማለት ነው።

3. እኛ ባለንበት

ደማምና አል ኾባር የሚታወቁት በነዳጅ ዘይት ነው። ይሁን እንጂ በአቅራቢያችን በቀጢፍና በታሩት የባሕር ወሽመጥ የማንግሮቭ ዛፎች አሉ፤ በብርዱ ወራት ፍላሚንጎዎች ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ይሰፍራሉ። ከአል ፈይሰሊያ ሳይርቅም ርግብና ማይና በየመንገዱ ይታያሉ።

በራሷ ላይ ጉትዬ፣ በክንፏ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ያላትን ወፍ ዐረቦች ሁድሁድ ይሏታል። በቁርኣን በሱረቱ ነምል የሳባን ንግሥት ወሬ ለሰሎሞን ያደረሰችው እሷ ናት። ይህችው ወፍ በአገራችንም ትኖራለች፤ በአማርኛው ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጅንጁላቴ ተብላለች። ከመካከላችን ይህን ስም የሚያውቅ ስንቱ ነው? በየዓመቱ በመጸው ብዙ ሺህ ንስሮች ከየመን ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው ወደ አፍሪካ ቀንድ ይገባሉ። በእንግሊዝኛ እያንዳንዱ ዝርያ የየራሱ ስም አለው፤ እኛ ግን ሁሉንም «ንስር» ብለን እናልፋለን። አባቶቻችን ለይተው ያወጡት ስም ሳይጻፍ ሊጠፋ ነው።

የቴክኒክ ምክንያት የለንም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ ገብቷል፤ አይናቹራሊስትም በማንኛውም ቋንቋ የተለመደ ስም ለመጨመር ይፈቅዳል።

4. ጥንቃቄ

ፕሮግራሙ አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ለሕዝብ አያሳይም፤ አዳኝ እንዳይጠቀምበት ነው። እኛም ለራሳችን መጠንቀቅ ይገባናል። ከበረንዳ የተነሣ ፎቶግራፍ የቤትን አድራሻ ሊያሳውቅ ስለሚችል፣ ቦታው እንዲደበዝዝ መምረጥ ያስፈልጋል። በነዳጅ ተቋማት፣ በወደብና በወታደራዊ አጥር አካባቢ ካሜራ አይወጣም።

5. ተግባራችን

ሀ) እያንዳንዳችን በሳምንት አንድ ምልከታ ከነቀኑና ከነቦታው እንመዝግብ።

ለ) ወደ ቤት ስንደውል ወላጆቻችንን የአዕዋፍ ስም እንጠይቅ፤ በየትኛው ወረዳና በየትኛው ቋንቋ እንደሚጠሩ አብረን እንጻፍ። የኦሮምኛው፣ የትግርኛውና የሌሎቹም ስም እኩል ዋጋ አለው።

ሐ) ፕሮግራም የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የተሰበሰበውን ስም ከዝርያው ጋር የሚያገናኝ ቀላል መዝገብ በትርፍ ጊዜያችሁ አዘጋጁልን።

የቀን ሥራችን ለደመወዝ፣ ትምህርታችን ለዲግሪ ነው። ከዚያ የተረፈችውን ሰዓት በምን ላይ እንደምናውል የምንወስነው ግን እኛው ነን። ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም።