በገበታ ላይ የሚካሄድ ጦርነት

ሀ. የቅድመ ንባብ ጥያቄዎች

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

1. ሰንጠረዥ ወይም ገበጣ ስትጫወቱ የባላጋራችሁን ሐሳብ አስቀድማችሁ ለማወቅ የምትሞክሩት እንዴት ነው?
2. ስለ አለፈ ነገር «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ብለን የምንናገረው ለምንድን ነው?

ለ. ምንባብ

ሰው ጦርነትን በሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በገበታ ላይም ያካሂዳል። በብዙ አገሮች ከእርሳስ ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ትንንሽ ወታደሮችን በጠረጴዛ ላይ አሰልፈው የሚዋጉ ተጫዋቾች አሉ። ኮረብታው፣ ወንዙና ምሽጉ በትንሹ ይሠራል፤ ርቀቱ በማስመሪያ ይለካል፤ ተኩሱ ይምታ ወይም ይሳት በዕጣ ይወሰናል። በጨዋታውም ኃይል፣ ዕውቀትና ዕድል አብረው ይፈተናሉ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ሥሩ ጥንታዊ ነው። በሕንድ የተጀመረው ሰንጠረዥ ንጉሥን፣ ዝሆንን፣ ፈረሰኛንና እግረኛን በአንድ ገበታ ላይ ያሰለፈ የጦር ጨዋታ ነበር። ወደ አገራችንም ገብቶ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ዘንድ የተወደደ ሆነ። በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት ጽፏል።

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌሎቹ የሚለይበት ደንብ ነበረው። በመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም በ«ወረራ» ጊዜ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠብቁም ነበር። እያንዳንዱ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያስተካክላል፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው አንዱ ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ደግሞም ንጉሡን በብርቱ ጠጠር ከመያዝ ይልቅ በደካሞቹ አስተባብሮ መያዝ የበለጠ ያስመሰግን ነበር። ከድሉ ጋር የአደራረጉ ጥበብም ይመዘን ነበርና።

በአውሮፓ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1824 ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ የጦር መኮንን በካርታ፣ በዕጣና በዳኛ የሚካሄድ የጦር ጨዋታ ደንብ አሳተመ። ይህም ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በትንንሽ ወታደሮች ስለሚደረግ ጨዋታ መጽሐፍ አወጣ። በመጽሐፉም ትንሹን ጦርነት የተጫወተ ሰው የትልቁን ጦርነት ከንቱነት ይረዳል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። በዓመቱ ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

አሁን ወደ አገራችን ምዕራባዊ ቆላ እንመለስ። ገለጉ የቋራ ወረዳ ከተማ ናት። ከዚህ ምድር የበቀሉት ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ሱዳንን ይዞ ከነበረው የግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ተሸነፉ። ያሸነፋቸው መድፍና የሠለጠነ እግረኛ ነበር። ካሣም ከሽንፈታቸው ትምህርት ወስደው ለመድፍና ለወታደር ሥልጠና ትልቅ ግምት ሰጡ።

በዚያው ቆላ፣ በመተማ፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ገጠሙ። በዘኪ ጡማል የሚመራው የመሐዲስቶች ጦር በእሾህ አጥርና በምሽግ ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ድሉም የቀረበ መሰለ። በዚያች ሰዓት ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ጦሩ ተፈታ። ዐፄ ዮሐንስም በማግስቱ ዐረፉ። ከተማይቱ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

እንግዲህ አንድ የገለጉ ተማሪ ይህን ውጊያ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሊሠራው ይችላል። ፕላስቲክና እርሳስ አያስፈልገውም። አፈሩ ሜዳ፣ የእሾህ ቅርንጫፍ አጥር ይሆናል። ሃያ የጉሎ ፍሬ ለአንዱ ወገን፣ ሃያ ጠጠር ለሌላው ይሰለፋል፤ ተለቅ ያለ ድንጋይ የየወገኑ አዝማች ነው። በየተራው ሁሉም አንድ ስንዝር ይራመዳል፤ እስከ ሦስት ስንዝር ይተኩሳል። ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ወረቀቶች በጣሳ ውስጥ ይደረጋሉ፤ ለእያንዳንዱ ተኩስ አንድ ወረቀት ወጥቶ ይመለሳል። በሜዳ ያለው 5 ወይም 6 ሲወጣ፣ ከአጥር ጀርባ ያለው ግን 6 ሲወጣ ብቻ ይመታል። አዝማቹ የተመታ እንደ ሆነ ወገኑ አንድ ጊዜ ዕጣ ያወጣል፤ ከ4 በታች ከወጣ ሁሉም ያፈገፍጋል።

ይህ ጨዋታ ዐሥር ጊዜ ቢደገም ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይሆንም። ተማሪው ከዚህ የሚረዳው አንድ ታላቅ ነገር አለ። የሆነው ሁሉ መሆን ስለ ነበረበት ብቻ የሆነ አይደለም፤ ሌላም መንገድ ነበረ። ሆኖም ጨዋታው ሊሆን ይችል የነበረውን ያመለክታል እንጂ የታሪክ ምስክር አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ጠጠር ደም የለውም፤ የወደቀው ጠጠር ለሚቀጥለው ጨዋታ ይነሣል። በመተማ የወደቁት ግን፣ ከዚህም ከዚያም ወገን፣ አልተነሡም፤ እናት፣ ሚስትና ልጅ ነበራቸው። ጠጠሩን ሲያነሣ ይህን የሚያስብ ተጫዋች ከጨዋታው ዋናውን ትምህርት አግኝቷል።

ሐ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ «ወረራ» ከእውነተኛ ጦርነት ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
2. ካሣ ኃይሉ ከደባርቂ ሽንፈት ምን ተማሩ?
3. በግቢው ጨዋታ ከአጥር ጀርባ ያለው ወታደር በ6 ብቻ የሚመታው ለምንድን ነው?
4. «ጨዋታው የታሪክ ምስክር አይደለም» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?

መ. ሰዋስው፦ ሁኔታን የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮች

የሚከተሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አስተውሉ።

1. አዝማቹ ከቆሰለ ጭፍራው ዕጣ ያወጣል።
2. አዝማቹ ቢቆስል ጭፍራው ይሸሽ ይሆናል።
3. ንጉሠ ነገሥቱ ባይቆስሉ ኖሮ ጦሩ ባልተመለሰ ነበር።

የመጀመሪያው ደንብን ይናገራል፤ ሁኔታው ሲሟላ ውጤቱ ይከተላል። ሁለተኛው ገና ያልተረጋገጠ ግምት ነው። ሦስተኛው ግን ካለፈው እውነት ጋር ይቃረናል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለዋልና። ይህን የሚያመለክተው በጥገኛው ሐረግ መጨረሻ የገባው «ኖሮ» ነው። «ኖሮ» በገባ ጊዜ ዋናው ግሥ በ«በ—» ተነሥቶ በ«ነበር» ይታሰራል፦ በተመለሰ ነበር፣ ባልተመለሰ ነበር። «ይመለስ ነበር»፣ «አይመለስም ነበር» ማለትም ይቻላል። «ባይቆስሉ ኖሮ ጦሩ አልተመለሰም» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ የመጀመሪያው ሐረግ ያልሆነን ነገር ሲገምት ማሰሪያው እንደ ሆነ አድርጎ ይናገራልና።

ጥንቁቅ ጸሐፊ በሦስተኛው ዓይነት ዐረፍተ ነገር «ምናልባት» የሚለውን ቃል ይጨምራል። የጠጠሩ ጨዋታ እንዳሳየን ግምት ግምት መሆኑ መታወቅ አለበት።

መልመጃ። ቀጥለው ያሉትን በተገቢው ማሰሪያ አንቀጽ ፈጽሙ።

ሀ) ካሣ በደባርቂ ባይሸነፉ ኖሮ ምናልባት ————።
ለ) የእሾህ አጥሩ ባይኖር ኖሮ ————።
ሐ) ከጣሳው 6 ከወጣ ————።
መ) ጨዋታው ዐሥር ጊዜ ቢደገም ————።

ሠ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ስለ ተደረገ አንድ የታወቀ ታሪካዊ ድርጊት ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የሆነውን ብቻ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል ግለጹ። በሁለተኛው አንድ ነገር ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ምን ሊከተል ይችል እንደ ነበር በ«ኖሮ» እየተጠቀማችሁ ገምቱ። በሦስተኛው ድርጊቱ በተራው ሕዝብ ላይ ያደረሰውን ጻፉ። እውነቱና ግምቱ በአንድ አንቀጽ ውስጥ እንዳይቀላቀሉ ተጠንቀቁ።