የታንጃቩር ጎተራ፦ ስለ ውሃ፣ ስለ እህልና ስለ ታመነ ቃል

ለቡድን ጥናት የተዘጋጀ



በዚህ ጥናት የምንመለከተው በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት የምትገኘውን ጥንታዊት ከተማ ታንጃቩርንና በዙሪያዋ ያለውን የእርሻ ኑሮ ነው። ይህችን ከተማ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ታንጃቩር ከሺህ ዓመት በላይ በሩዝ ምርቷ የታወቀች ናት፤ ይሁን እንጂ በጎተራዋ ደጃፍ ሰዎች በረሃብ ያለቁበት፣ ሩዙን ያበቀሉ እጆችም ለዕለት ጉርስ የተቸገሩበት ጊዜ ነበር። እህል በአገር እያለ ሰው ስለ ምን ይራባል? ለሚለው ጥያቄ የዚህች ከተማ ታሪክ ብዙ ያስተምረናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እናሳስባለን።

1. ወንዙና ግድቡ

የካቬሪ ወንዝ በካርናታካ ግዛት ካሉት የምዕራብ ተራሮች ተነሥቶ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ከባሕር ከመድረሱ አስቀድሞ ግን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይበታተናል፤ ለብዙ ዘመን ተሸክሞ ያመጣው ደለልም ሰፊና ለም ሜዳ ሠርቷል። የታንጃቩር እርሻ የተመሠረተው በዚህ ሜዳ ላይ ነው።

ወንዙ ወደ ሜዳው ሲቃረብ ለሁለት ይከፈላል። ሰሜናዊው ክፍል ኮሊዳም ይባላል። መውረጃው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፣ ካልተገታ አብዛኛውን ውሃ ወስዶ በከንቱ ወደ ባሕር ያፈሰዋል። ይህን ለመከላከል በጥንት ጊዜ ካላናይ የተባለው የድንጋይ ግድብ ተሠራ። በትውፊት የሚነገረው ካሪካላ የተባለው የቾላ ንጉሥ በ2ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንዳሠራው ነው። ርዝመቱ ከ300 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ምንም እንኳ በየዘመኑ ቢታደስም እስከ ዛሬ ያገለግላል። የዚህ ግድብ ጥበብ ውሃውን ማጠራቀም ሳይሆን ወደ እርሻው አቅጣጫ ማስያዝ ነው። በ1830ዎቹ ዓመታት አርተር ኮተን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከካላናይ በላይ በኮሊዳም ራስ ላይ ሌላ ግድብ ሠራ። በ1934 ደግሞ ከፍ ብሎ በሜቱር ታላቁ የውሃ ማጠራቀሚያ ተፈጸመ።

ነገር ግን ግድብ ብቻውን ማሳ አያጠጣም። ከዋናው ቦይ ወደ መንደር፣ ከመንደርም ወደ እያንዳንዱ ማሳ የሚሄዱት ቦዮች በየዓመቱ ደለላቸው መጠረግ አለበት። የታሚል ገበሬዎች ይህን በጋራ ጉልበት ይሠሩ ነበር፤ ልማዱንም ኩዲማራማት ይሉታል። እኛ ደቦ የምንለውን ይመስላል፤ ልዩነቱ ሥራው ለአንድ ሰው ማሳ ሳይሆን ለሁሉም ውሃ መሆኑ ነው። ከጊዜ በኋላ ቦዩ ሁሉ «የመንግሥት ነው» እየተባለ ሲሄድ ልማዱ ደከመ፤ ቦዮቹም በብዙ ስፍራ በደለል ተሞሉ።

በዚህ ሜዳ ሩዝ የሚዘራው በተለያዩ ወቅቶች ነው። ኩሩቫይ የተባለው አጭር ሰብል በጁን ይጀመራል። ሳምባ የተባለው ረጅሙ ሰብል በኦገስት ገደማ ተተክሎ በጃንዋሪ ይታጨዳል። ከኩሩቫይ በኋላ በዚያው ማሳ የሚተከለው ታላዲ ይባላል። እንግዲህ ውሃው በአንድ ወር ቢዘገይ የገበሬው የዓመት አሳብ ሁሉ ይናጋል ማለት ነው።

2. በድንጋይ ላይ የተጻፈው የሩዝ መዝገብ

የቾላው ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ ለሺቫ የሠራው ታላቅ ቤተ መቅደስ በ1010 ተፈጸመ። የግራኒት ማማው ከ60 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ብዙ ጎብኚዎች ማማውን አይተው ይደነቃሉ፤ ለእኛ ጥናት ግን ይበልጥ የሚጠቅመው በግድግዳዎቹ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው። በዚያ ለቤተ መቅደሱ የተሰጡት መንደሮች፣ የሚያገቡት ሩዝና የሚከፈላቸው አገልጋዮች በዝርዝር ሰፍረዋል። ለምሳሌ ያህል፣ ወደ 400 የሚሆኑ ጨፋሪ ሴቶች እያንዳንዳቸው ቤትና በዓመት 100 ካላም ያልተፈተገ ሩዝ እንዲያገኙ ተደንግጓል። ካላም የእህል መስፈሪያ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የከተማይቱ ክብር ሁሉ የተሠራው ከጭቃው ማሳ በወጣው ሩዝ መሆኑን ነው። ንጉሡም፣ ካህኑም፣ ወታደሩም፣ ግንበኛውም የበሉት ገበሬው ያበቀለውን ነበር። መዝገቡ የሰጪውንና የተቀባዩን ስም በጥንቃቄ ይዟል፤ ጎንበስ ብሎ ስለ ተከለውና ስላጨደው ሰው ግን የሚናገረው ጥቂት ነው።

3. እህል እያለ የተራበች ከተማ

በ1780 የማይሶር ገዥ ሃይደር አሊ ሠራዊቱን አስከትሎ ወደ ምሥራቁ አገር ወረደ። በተከታዩም ዓመት ታንጃቩር በጦርነቱ ተጨነቀች። በምሽጉ ውስጥ ወታደሮች በራብ ይወድቁ ነበር፤ ጠዋት ጠዋትም በየመንገዱ ሬሳ ይገኝ ነበር። የሚያስገርመው በገጠር እህል መኖሩ ነው። የጠፋው እህሉን ጭኖ የሚያመጣ በሬ ነበር። ገበሬዎቹ ቀድሞ እህል ባመጡ ጊዜ ደላሎችና ሹማምንት የድካም ዋጋቸውን ነጥቀዋቸው ስለ ነበረ፣ አሁን ከብቶቻቸውን እየነዱ ሸሹ። ንጉሡ አዘዘ፤ ለመነም፤ የሰማው ግን አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በከተማይቱ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ሽዋርትዝ የተባለ የሉተራን ሚስዮናዊ ይኖር ነበር። በ1726 በፕሩሲያ ተወልዶ በ1750 ሕንድ የገባ፣ የአገሩን ቋንቋ የተማረና በቀላል ኑሮ የሚታወቅ ሰው ነው። ባለ ሥልጣኖቹ የእነርሱ ቃል ዋጋ ማጣቱን ባወቁ ጊዜ፣ ሕዝቡ ሽዋርትዝን ያምነው እንደ ሆነ ለመሞከር ወሰኑ። እርሱም ለገበሬዎቹ ደብዳቤ ላከ። ለእያንዳንዱ በገዛ እጁ እንደሚከፍል፣ ጠላት የወሰደውንም በሬ ዋጋ እንደሚሰጥ ቃል ገባ። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ከ1,000 በላይ በሬዎች ተገኙ። የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ክርስቲያን ወንድሞችም በሕይወታቸው ቆርጠው ወደ ገጠር ወጡ፤ በአጭር ጊዜም 80,000 ካላም እህል ወደ ምሽጉ ገባ። ሽዋርትዝም ቃሉን አክብሮ ለሁሉም ከፈለ።

ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ገበሬዎቹ ከሹማምንቱ ጭቆና የተነሣ አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። ምርታቸው የሚነጠቅ ከሆነ ስለ ምን ያርሳሉ? አሁንም ንጉሡ ጠርቷቸው እምቢ አሉ። ሽዋርትዝ ፍትሕ እንደሚደረግላቸው ባረጋገጠላቸው ጊዜ ግን በአንድ ቀን 7,000 ሰዎች ተመለሱ። የመዝሪያው ጊዜ ሊያልፍ ተቃርቦ ነበርና ሌት ተቀን ሠሩ። ሽዋርትዝ በ1798 በታንጃቩር ዐረፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ ቃል በአንድ ቀን የተገዛ አልነበረም። ረሃቡ ከመምጣቱ በፊት ለብዙ ዓመታት በትንሹም በትልቁም ነገር ሲከፈልበት የቆየ ቃል ነበር።

4. ያበቀለው ሲራብ

በ1960 በሕንድ መንግሥት የተጀመረው የተጠናከረ የእርሻ ልማት መርሐ ግብር በመጀመሪያ ከገባባቸው አውራጃዎች አንዱ ታንጃቩር ነው። የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ምርትም ጨመረ። ሆኖም መሬቱ በጥቂት ባለ ርስቶች እጅ ስለ ነበረ፣ መሬት የሌላቸው የቀን ሠራተኞች የጥቅሙ ተካፋይ መሆን አልቻሉም። ከእነርሱም ብዙዎቹ «የማይነኩ» እየተባሉ የተናቁ ወገኖች ነበሩ። ሠራተኞቹ በእህል የሚሰፈርላቸው የድካም ዋጋ እንዲጨመር ጠየቁ። ጠቡ እየከረረ ሄዶ፣ በዲሴምበር 25 ቀን 1968 በዚያን ጊዜ በታንጃቩር አውራጃ በነበረችው በኪልቬንማኒ መንደር 44 ሰዎች በአንድ ጎጆ ውስጥ እንዳሉ በእሳት ተቃጠሉ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ተከስሰው የነበሩት ባለ ርስቶች በይግባኝ ነፃ ተለቀቁ።

ከዚህ እልቂት በኋላ ክሪሽናማል ጃጋናታን የተባሉ ሴትና ባለቤታቸው ወደ አካባቢው መጥተው ከመሬት አልባዎቹ ጋር ኖሩ። በ1981 አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ዓላማው ከባለ ርስቶች ጋር ተነጋግሮ መሬት በብድር መግዛትና ለመሬት አልባ ቤተሰቦች በሴቶቹ ስም ማከፋፈል ነበር። በዚህ መንገድ ከ10,000 በላይ ቤተሰቦች የራሳቸው ማሳ ባለቤት ሆነዋል።

5. የዛሬው ችግር

የካቬሪ ውሃ በካርናታካና በታሚል ናዱ መካከል ከ100 ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። በ1892 እና በ1924 ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ በ2018 ደግሞ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የእያንዳንዱን ድርሻ ወሰነ። በልማድ የሜቱር ግድብ በሮች ለኩሩቫይ የሚከፈቱት በጁን 12 ነው። ነገር ግን ከ2012 እስከ 2019 ድረስ ውሃው ስላልበቃ በዚያ ቀን ሊከፈቱ አልቻሉም። ያን ጊዜ ገበሬው ወይ በፓምፕ ከመሬት ውስጥ ይስባል፣ ወይም ኩሩቫይን ትቶ ሳምባን ይጠብቃል። ባሕሩ አጠገብ ያሉት ደግሞ ጨዋማ ውሃ ወደ ማሳቸው እንዳይገባ ይሰጋሉ።

6. ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ምርት መጨመሩ ብቻ ረሃብን አያስወግድም። እህሉ ወደ ተራበው የሚደርስበት መንገድ፣ ማጓጓዣና ገንዘብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ መተማመን እንደ ዘር ቀድሞ የሚዘራ ነው። በችግር ቀን ልንሰበስበው የምንችለው በደኅና ቀን የዘራነውን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የጋራ ሥራ ባለቤት ከሌለው ይፈርሳል። ቦዩን የሚጠርገው ሕዝብ «የእኔ ነው» ካላለ ታላቁ ግድብ እንኳ አያድነውም።

አራተኛ፣ ልማት ሲታቀድ «ከዚህ የሚጠቀመው ማን ነው?» ብለን ካልጠየቅን፣ ለባለ ጎተራው ጎተራ ልንጨምርለት እንችላለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በ1781 በታንጃቩር የጠፋው ምን ነበር? እህል፣ በሬ ወይስ እምነት? መልሳችሁን አስረዱ።

ለ. በምትሠሩበት መንደር ለሠራተኛ የሚከፈለው በቀኑና በሙሉ ይከፈላልን? ሳይከፈል የቀረ ካለ ማን ይጠየቃል?

ሐ. በአካባቢያችሁ ያለውን ምንጭ ወይም ቦይ የሚጠብቀው ማን ነው? የእርዳታ ሠራተኞች ከሄዱ በኋላስ ማን ይጠብቀዋል?

መ. በእርዳታ ዝርዝራችሁ ውስጥ መሬት የሌላቸውና በራሳቸው ስም ያልተመዘገቡ ሴቶች ይገኛሉን?

እነዚህን ጥያቄዎች በችኮላ ሳይሆን፣ ከመንደሩ ሽማግሌዎችና ከቀን ሠራተኞቹ ጋር አብራችሁ ተቀምጣችሁ እንድትወያዩባቸው በአክብሮት እናሳስባለን።