አርባ፦ በቅዱስ መጽሐፍ፣ በሥርዓታችንና በኑሯችን



በቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ አንድ ቍጥር ሰውን ከልደቱ እስከ ሞቱ ይከተለዋል፤ እርሱም አርባ ነው። አራስ ከቤት የምትወጣው በአርባ ቀኗ ነው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው። ሰው ሲቸገር «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብሎ ይተክዛል፤ ሲሞትም ወዳጅ ዘመድ «አርባው መቼ ይውላል?» እያለ ይቈጥራል። ካቴኪስቶቻችን በየመንደሩ ሲዘዋወሩ ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከዚህ ቍጥር ጋር የተያያዙ ናቸው። «ሕፃኑ አርባ ሳይሞላው ታሟል፤ ይጠበቅ ወይስ ይጠመቅ?» «ድግስ መደገስ ያልቻለ ቤተሰብ የሟቹን አርባ እንዴት ያውጣ?» ጥያቄዎቹ ቀላል መስለው ቢታዩም፣ በመልሳቸው ላይ የሕፃን መዳንና የድኻ ቤተሰብ ጎተራ የተንጠለጠሉባቸው ናቸው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አርባ የሚለውን ቍጥር ከየአቅጣጫው እንመረምራለን።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። አርባ በግዕዝ «አርብዓ» ይባላል፤ ምልክቱም ፵ ነው። የግዕዝ አኃዞች ከግሪክ ፊደላት የተገኙ ናቸው፤ ግሪኮች «ሚ» የተባለውን ፊደላቸውን፣ ዕብራውያንም «ሜም» የተባለውን ለአርባ ይጠቀሙበት ነበር። በእኛም ዘንድ በአበገደ ተራ ሲቈጠር «መ» አርባ ነው፤ የዚህም ፊደል ስሙ «ማይ»፣ ማለትም ውኃ ነው። አይሁድም ለመንጻት የሚጠመቁበት ገንዳ ቢያንስ አርባ መስፈሪያ ውኃ እንዲይዝ ሕጋቸው ያዝዛል። ከዚህ መገጣጠም ትልቅ ምሥጢር ለማውጣት የሚቸኵሉ ሰዎች ይኖራሉ፤ እኛ ግን አስታውሰነው እናልፋለን። በቦታ ስምም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ በታች ባለው ጫካ ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው። በኦሮምኛ ግን «አርባ» ማለት ዝሆን ነውና፣ ይህን ድምፅ የያዘ የቦታ ስም ሁሉ የቍጥር ስም ነው ማለት አይቻልም።

ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንግባ። በኖኅ ዘመን ዝናቡ በምድር ላይ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ዘነበ (ዘፍ. 7፥12)። ሙሴ በሲና ተራራ ላይ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ቈየ (ዘፀ. 24፥18)። የምድሪቱ ሰላዮች በአርባ ቀን ተመለሱ፤ ሕዝቡም ባለማመኑ ስለ አንዱ ቀን አንድ ዓመት ተቈጥሮበት አርባ ዓመት በምድረ በዳ ተንከራተተ (ዘኍ. 14፥34)። ኤልያስ ነፍሱ እስክትዝል ተስፋ ቈርጦ ከተኛበት ተነሥቶ፣ በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ወደ ኮሬብ ሄደ (1ነገ. 19፥8)። ዮናስ ለነነዌ የሰጣት ቀጠሮ አርባ ቀን ነበረ (ዮና. 3፥4)። ጌታችንም በገዳም አርባ ቀን ጾመ (ማቴ. 4፥2)፤ ከትንሣኤውም በኋላ አርባ ቀን ለደቀ መዛሙርቱ እየታየ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ነገራቸው (ሐዋ. 1፥3)።

እነዚህን ጥቅሶች ለተማሪዎች ስናነብ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንርዳቸው። አርባው ቀን በየትኛውም ስፍራ ለራሱ ሲባል የተሰጠ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ነገር አለ። ከውኃው በኋላ ቃል ኪዳን፣ ከበረሃው በኋላ ርስት፣ ከጾሙ በኋላ ስብከተ ወንጌል፣ ከዕርገት በኋላ ጰራቅሊጦስ ይመጣል። ዘዳግምም ምድረ በዳው ሕዝቡን ለመፈተንና በልቡ ያለውን ለማወቅ እንደ ነበረ ይናገራል፤ ወዲያውም በዚያ አርባ ዓመት ልብሳቸው እንዳላረጀ፣ እግራቸውም እንዳላበጠ ይጨምራል (ዘዳ. 8፥2-4)። የራያ ገበሬ ይህን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ቤትና ከብት ይወስዳል፤ ያው ጎርፍ በጊዜው ተጠልፎ ወደ ማሳ ሲገባ ደግሞ ማሽላውን ያጠጣል።

ቅዱስ አጐስጢኖስ አርባን አራትና ዐሥር አድርጎ ይከፍለዋል። አራቱ የቀንና የዓመት ክፍሎች፣ ማለት የጊዜ ምልክት ናቸው፤ ዐሥሩ ደግሞ ፈጣሪንና ፍጥረትን የማወቅ ምልክት ነው ይላል። እንዲህ ያለው አተረጓጐም ለጸሎት ይጠቅማል፤ እምነትን ግን በቍጥር ስሌት ላይ መመሥረት አይገባም። በመጽሐፈ መሳፍንት «ምድሪቱ አርባ ዓመት ዐረፈች» ተብሎ ደጋግሞ የተጻፈውም የአንድ ትውልድ ሙሉ ዘመን ማለት እንደ ሆነ ብዙ የመጽሐፍ መምህራን ይስማማሉ።

የዐቢይ ጾምን አቈጣጠር በሁለት ቃል እንጥቀስ፤ ወጣቶች ይጠይቃሉና። በግዕዝ ሥርዓታችን ጌታ የጾመው አርባ ቀን የመጀመሪያው ሳምንትና የሕማማት ሳምንት ተጨምረውበት 55 ቀን ይሆናል። በላቲን ሥርዓት ከአመድ ረቡዕ እስከ ፋሲካ ዋዜማ 46 ቀን ነው፤ ስድስቱ እሑዶች የትንሣኤ መታሰቢያ ስለ ሆኑ ሳይቈጠሩ አርባ ይቀራል። አቈጣጠሩ ሁለት፣ አርባው አንድ ነው።

አሁን ወደ አራስ ቤት እንምጣ። በኦሪት ወንድ የወለደች ሴት 7 ቀንና 33 ቀን፣ በጠቅላላው 40 ቀን ትቈያለች፤ ሴት የወለደች ደግሞ 14 ቀንና 66 ቀን፣ በጠቅላላው 80 ቀን ትቈያለች (ዘሌ. 12)። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና የሚነሡበት ልማዳችን ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። በእኛ የቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ያልተካተተው መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይተርካል። እመቤታችንም ልጇን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ የወጣችው ይህንኑ ሕግ ፈጽማ ነው፤ ያቀረበችውም የድኾችን መሥዋዕት፣ ሁለት ወፎችን ነበረ (ሉቃ. 2፥22-24)። ከታኅሣሥ 29 ጀምረን ብንቈጥር የታኅሣሥ 2 ቀን፣ የጥር 30 ቀን፣ የየካቲት 8 ቀን፣ በድምሩ 40 ይሆናል፤ የካቲት 8 ቀን ስምዖን አረጋዊ ጌታን የታቀፈበት በዓል የሆነውም ስለዚህ ነው።

ልማዱ የከበረ ነው፤ ይጠበቅ። ነገር ግን ልማድ ነው እንጂ ለመዳን የተቈረጠ ቀን አይደለም። በ1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ወላጆች በተገቢው ልማድ መሠረት ሕፃኑን በተቻለ ፍጥነት እንዲያስጠምቁ ያዝዛል (ቀኖና 686)። ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከያዘው ግን አርባም ሰማንያም አይጠበቅም። ካህን በቅርብ ከተገኘ ይጠራ። ካልተገኘ ማንኛውም ክርስቲያን፣ አባቱ ወይም እናቱም ብትሆን፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ አስቦ በራሱ ላይ ሦስት ጊዜ ንጹሕ ውኃ እያፈሰሰ «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ» ይበል። ሕፃኑ ቢድን ጥምቀቱ አይደገምም፤ በቁምስናው መዝገብ እንዲጻፍና የቀረው ሥርዓት ከምሥጢረ ሜሮን ጋር እንዲፈጸምለት ለቆሞሱ ይነገር። ካቴኪስት የሆነ ሁሉ ይህን በቃሉ ሊያውቅና በየቤቱ ሊያስተምር ይገባል።

የእናቲቱም ነገር አለ። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ቀን ሲቈጠር 40 ሳምንት፣ ማለትም 280 ቀን ነው። ከወሊድ በኋላ ያለውን 42 ቀን ደግሞ ሐኪሞች ለእናት የሚያሰጋ ጊዜ አድርገው ይይዙታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከወሊዱ በተያያዘ ምክንያት የሞተች ሴት በወሊድ እንደ ሞተች ትቈጠራለች። አያቶቻችን አራስን አርባ ቀን ከሥራ አሳርፈው በገንፎና በአጥሚት መንከባከባቸው እንግዲህ ማስተዋል ያለበት ነበር። ሆኖም «አርባዋ አልሞላም» በማለት ደም የሚፈስሳትን ወይም ትኵሳት የያዛትን አራስ ከጤና ጣቢያ ማስቀረት ልማዱን መጠበቅ አይደለም፤ ልማዱ የተሠራው እርስዋን ለማዳን ነበርና። የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ልጅ በመጀመሪያው ቀን፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት እንዲታዩ ይመክራል። ከእነዚህ ሦስቱ ከአርባው ቀን በፊት የሚውሉ ናቸው።

«የአርባ ቀን ዕድል» የሚለው አባባል ከዚሁ ጋር ይነሣል። የሰው ዕጣ በአርባ ቀኑ ተጽፎ አልቋል የሚል ሐሳብ አለበት። ስለ አርባ ቀን ፅንስ ጥንታውያን ብዙ ተናግረዋል፤ አርስጣጣሊስ ወንዱ ፅንስ መንቀሳቀስ የሚጀምረው በአርባኛው ቀን ገደማ ነው ብሏል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ፅንሱ በየአርባ ቀኑ ደረጃውን እንደሚለውጥ፣ ከዚያም መልአክ ሲሳዩንና ዕድሜውን እንደሚጽፍ የሚናገር ሐዲስ አላቸው። ቤተ ክርስቲያናችን የሰው ሕይወት ከተፀነሰበት ቅጽበት ጀምሮ ሊከበር እንደሚገባው ታስተምራለች። እግዚአብሔርም ሁሉን አስቀድሞ ያውቃል፤ ነገር ግን ማወቁ ነጻ ፈቃዳችንን አይሽርም።

እዚህ ላይ ነነዌን ማስታወስ ይበቃል። በዚያች ከተማ ላይ አርባ ቀን ብሎ የቈረጠው እግዚአብሔር ራሱ ነበረ፤ ሰዎቿ ንስሓ ሲገቡ ግን የተነገረው ጥፋት ቀረ። እግዚአብሔር የተናገረው አርባ በንስሓ ከተመለሰ፣ ማንም ያልጻፈው የአርባ ቀን ዕድል ለስካር፣ ለቂም ወይም ለስንፍና ማመካኛ ሊሆን አይችልም። ዕጣውን ለማወቅ ወደ ጠንቋይና ወደ ኮከብ ቈጣሪ የሚሄድም ከመጀመሪያይቱ ትእዛዝ ይወጣል። በአንጻሩ፣ ልጇን በችጋር ያጣች እናት «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ስትል ብንሰማ ክርክር አንግጠማት። እርስዋ ስለ ሐዘኗ እንጂ ስለ ትምህርተ መለኮት እየተናገረች አይደለችም።

በሌላም መስክ ቍጥሩ አለ። ወረርሽኝን ለመከላከል ሰውን ለይቶ ማቈየት በብዙ ቋንቋዎች «ኳራንቲን» ይባላል፤ ቃሉ የመጣው በጣልያን አገር ከቬኒስ ሰዎች «አርባ ቀን» ከሚለው አነጋገር ነው። ራጉዛ የተባለችው የወደብ ከተማ በ1377 (እ.ኤ.አ.) መጻተኞችን ሠላሳ ቀን ለይታ ማቈየት ጀመረች፤ ቈይቶ ቀኑ ወደ አርባ ከፍ አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ወደ ሀገራችን የሚመጡ መንገደኞች ተለይተው የቈዩት 14 ቀን ቢሆንም፣ ስሙ ያው የአርባ ስም ነበረ። ፊዚክስ የሚማሩ ልጆቻችን ደግሞ ከዜሮ በታች 40 በሴልሺየስም በፋራናይትም አንድ መሆኑን ያውቃሉ።

በመጨረሻ የሙታን አርባ አለ። በኦሪት የያዕቆብን ሥጋ በመድኃኒት ለመቀባት አርባ ቀን ተወስዶ ነበር (ዘፍ. 50፥3)። ክርስቲያኖች ግን አርባን ለሙታን የያዙት ይልቁንም ጌታ ስላረገበት ቀን ነው። ለሙታን መጸለይ ቅዱስና መልካም አሳብ እንደ ሆነ መጽሐፈ መቃብያን ይመሰክራል (2መቃ. 12፥43-46)፤ ቤተ ክርስቲያንም ከሁሉ በላይ መሥዋዕተ ቅዳሴን፣ ከእርሱም ጋር ምጽዋትንና የንስሓ ሥራን ለሙታን እንድናቀርብ ታሳስባለች (ትምህርተ ክርስቶስ ቍ. 1032)። በዚህ ዝርዝር ውስጥ በሬ የለም። ድኻን ማብላት ምጽዋት ነው፤ ጎረቤትን እንዳያሳማ ተብሎ በብድር የሚታረድ ከብት ግን የሟቹን ልጆች ለባለ ዕዳ አሳልፎ ይሰጣል። ቅሬዎቻችን ቀብርን ተባብረው እንደሚያስፈጽሙ ሁሉ፣ የተዝካርን ወጪ በመቀነስም ቢስማሙ ቤተሰቡ ብቻውን ከሐሜት ጋር አይታገልም።

አርባ ማውጣት ጨርሶ ያልቻሉም አሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በቆቦ ከተማ፣ ይዘዋት በነበሩት የትግራይ ኃይሎች ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መርምረው ዘግበዋል። አርባቸው ጥቅምት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋለ፤ ቈጠራው ከልደት እስከ የካቲት 8 እንደ ቈጠርነው ያለ ነው፤ 2 ቀን፣ 30 ቀን፣ 8 ቀን። በዚያን ቀን ጦርነቱ ገና አላበቃም ነበር። በትግራይም በአፋርም በዚያው ጦርነት ሞተው አርባቸው ሳይወጣ የቀረ፣ መቃብራቸውም ያልታወቀ ብዙዎች ናቸው። ወገኖቻቸው «አርባው አለፈ፤ አሁን ምን ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቃሉ።

መልሱ አጭር ነው። አርባው እኛ እንዳንረሳ የተሰጠን ቀጠሮ ነው እንጂ የእግዚአብሔር ምሕረት የሚዘጋበት ቀን አይደለም። ጸሎተ ፍትሐትና ቅዳሴ አስከሬን ባይገኝም፣ ዓመታት ቢያልፉም ይደረጋል። ካቴኪስቶች እንዲህ ያሉትን ቤተሰቦች በየቤታቸው እየጐበኙ የሟቾቹን የክርስትና ስም ይጻፉ፤ ስሙ የጠፋባቸውም «እግዚአብሔር የሚያውቀው» ተብሎ ይጻፍላቸው፤ ዝርዝሩም ለቆሞሱ ይሰጥ። ለዚህ ድግስ አይጠየቅም፤ ቤተሰቡ ከቻለ ለአንድ ድኻ እንጀራ ይስጥ፤ ካልቻለም በቅዳሴው ይገኝ።